ያላረጀው ፊት

ባለ ረጅም አንገቶቹ የጭነት እንስሶች፣ ላማዎቹ፣ የቦዩን ዳር ይዘው ሽቅብ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ኛሜል አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም። ዞራ ብታይ ፊቷ እንደሚያጋልጣት ታውቃለች። ከመጨረሻዋ ላማ ኋላ አንድ ሽማግሌ የዓሣ አጥማጅ ቡትቶ ለብሶ፣ ራሱን በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ምርኩዙን እያስቀደመ ይከተላቸዋል። ላማ ነጂው ቹምቤል፣ ሽማግሌው የሸክላ ሠሪዋ የኛሜል አጎት ነው ተብሎ ተነግሮታል። ሽማግሌው ግን የታችኛው ሸለቆ ጌታ፣ የባሕሩ ዳርና የቦዩ አዛዥ፣ ፓልኖፍ ራሱ ነበር።

የማለዳው ጉም ገና ከባሕሩ ላይ አልተነሣም። ቦዩ ውስጥ የቀረው ውኃ የእንቁራሪት ሆድ አያርስም። በግራም በቀኝም የበቆሎው ቅጠል ተጠቅልሎ ቆሟል፤ የባቄላው ሐረግ ገና ሳያብብ ቢጫ ሆኗል።

"እትዬ ኛሜል!" አለ ቹምቤል የመሪዋን ላማ አንገት እያሻሸ። "አጎትሽ ቀረ እኮ! በዚህ አካሄድ የላይ ቤት የምንደርሰው የላማዎቼ የልጅ ልጆች ሲወለዱ ነው።"

"ይደርሳሉ፤ አንተ ቀስ በል።"

"ይደርሳሉ? አጎትሽን አንቱ ትያቸዋለሽ? ጨዋ ነሽ እባክሽ። እኔ የራሴን አጎት 'አንተ ሌባ' ነው የምለው።" ከዚያ ወደ ኋላ ጮኸ፦ "አባባ! ከደከመህ ከላማዋ ጭራ ጋር ልሰርህ?"

ኛሜል በጀርባዋ ያዘለችው ሸክላ እንዳይወድቅ ማዘያዋን በሁለት እጇ ጨበጠች።

"እሰረኝ" አለ ሽማግሌው እያለከለከ። "ጭራዋ የተነቀለ እንደሆነ ግን ለጌታህ የምትነግረው አንተ ነህ።"

ቹምቤል ሳቀ። "ጌታችን ለላማ ጭራ የሚሆን ጊዜ የላቸውም። እኔ እኮ በቅርብ ነው የማውቃቸው።"

"ታውቃቸዋለህ?"

"አውቃቸዋለሁ ወይ? በበዓል ቀን ከግንቡ ራስ ላይ ቆመው፣ አንተ አሁን እንደምትታየኝ ሆነው አይቻቸዋለሁ! ጉንጫቸው እንደ በሰለ ፍሬ ነው። ጥርሳቸው አንድ አልጎደለም። ያ ሰው አያረጅም፤ ጨረቃ ናት የምታጠባው ይላሉ።"

ሽማግሌው የምላሱን ጫፍ በባዶ ድዱ ላይ አሳረፈ። "ታድሎ" አለ።

ሰው ሁሉ ፓልኖፍን የሚያውቀው እንዲህ ነበር፤ በሸክላ። የኛሜል አባት በሕይወት ሳለ፣ ፓልኖፍም ጉልበቱ ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ ፊቱን በጭቃ ቀርጾ፣ ጭቃ እየታተመበት ያው ፊት የሚወጣበት የሸክላ ማውጫ ሠራለት። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ያለው ማሰሮ፣ በየመቃብሩ የሚገባው ገንቦ፣ ለየባለሟሉ የሚሰጠው መጠጫ ሁሉ ከዚያው ማውጫ ይወጣል፤ ያው ሰፊ ጉንጭ፣ ያው የተገጠመ ከንፈር፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያው የዱላ ስርጉድ። አባቷ ሞተ። ፓልኖፍ አረጀ። አንድ ዓይኑ ደፈረሰ፣ ጉልበቱም አልታዘዝ አለው። ማውጫው ግን እንዳለ ነው። በበዓል ቀን ከአፍንጫው የሚያንጠለጥለው የወርቅ ቅብ መዳብ ጌጥ አፉንና ጉንጩን ይሸፍነዋል፤ ከግንቡ ሥር ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ወርቁን ነው። የቀረውን ከሸክላው ያሟላዋል።

ድርቅ በመጣ ቁጥር በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል አንድ ሥርዓት ነበር። የቦዩ ራስ በላይኛው ሸለቆ፣ በላይ ቤት፣ እጅ ነው። ውኃው ሲያንስ የታች ቤት የጌታውን ፊት በሸክላ ልኮ ያስጠይቃል። የላይ ቤት በዚያ ሸክላ የበቆሎ ጠላ ሞልቶ ይጠጣል። የወጣት ፊት ከመጣ መልሱ በሜዳ ነው፤ ሁለቱ ወገን በዱላ ይጋጠማሉ፤ ጸጉሩን የተያዘ ሰው ልብሱን ተገፎ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ፣ ወደ መቅደሱ ይነዳል፤ ከዚያ አይመለስም። የሽማግሌ ፊት ከመጣ ግን መልሱ በምንጣፍ ላይ፣ ተቀምጦ በመነጋገር ነው ይባል ነበር። ይባል ነበር እንጂ ያየ ሰው የለም። ከፓልኖፍ በፊት የነበሩት ጌቶች ሁሉ ሳያረጁ ሜዳ ላይ ቀርተዋልና።

ዘንድሮ ውኃው ከምንጊዜውም ይልቅ አነሰ። ፓልኖፍ ኛሜልን ወደ እልፍኙ አስጠራት። አገልጋዮቹን ሁሉ አስወጥቶ፣ የራስ ቁሩን አወረደና "ማውጫውን ተዪው። በእጅሽ፣ እንዳለሁ አድርገሽ ሥሪኝ" አላት።

"ጌታዬ፣ እንዳሉ ማለት..."

"እንዳለሁ ነው ያልኩሽ። እንዳልሆንኩት የሠራኝ አባትሽ ነው፤ አልተቀየምኩትም። አሁን ግን ሰልችቶኛል።"

ፊቱን ዳሰሰች። የወደቀውን ጉንጭ፣ ከአፍንጫው እስከ አገጩ የወረደውን ቦይ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ከንፈር፣ የተንጠለጠለውን የዓይን ቆብ በጣቷ እየለካች በጭቃው ላይ አሳረፈች። እንደጀመረች ፈርታ ነበር፤ ኋላ ላይ ፍርሃቱ ጠፋ። ያ ማውጫ ሲሰጣት የኖረው ልስልስ ፊት ምንም አይናገርም ነበር። ይህ ግን እያንዳንዱ ሽብሽብ ወሬ አለው። ሸክላው ተተኩሶ በቀይና በነጭ አፈር ተቀብቶ ሲመጣ ፓልኖፍ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ይሄ የእናቴ አባት ነው" አለ። ቆይቶም "እንኳን ደህና መጣህ" አለው፤ ለራሱ ይሁን ለሸክላው አልለየላትም።

የእህቱ ልጅ ኮፌክ፣ የቤቱ አዛዥ፣ ሲገባ ግን ቀለሙ ተለዋወጠ። "ስበሪው!" አላት። "የላይ ቤት ይህን ቢያይ ነገውኑ ቦዩን ይደፍነዋል። ጌታው ወድቋል፤ የቀረው ልጅና ሴት ነው ይላሉ።" ወደ አጎቱም ዞሮ፣ "እርስዎ የሚያዩት የራስዎን ሽብት ነው፤ እኔ የማየው ረሃብን ነው። ወጣቱ ይሂድ!" አለ።

ፓልኖፍ ሸክላውን ከጭኑ አንሥቶ ለኛሜል ሰጣት። ኛሜልም እሺ ብላ ወጣች፤ ሸክላውን ግን አልሰበረችውም። ባቄላ በያዘ ቅርጫት ውስጥ ቀበረችው። ጌታው ይህን በምን እንዳወቀ ለእሷ እስከ ዛሬ እንቆቅልሽ ነው። ላማዎቹ በሚጫኑበት ጎህ ላይ፣ በዓሣ አጥማጅ ቡትቶ፣ ብቻውን መጣና በጆሮዋ "እኔንም ሸክላውንም፣ ሁለታችንንም ይዘሽን ውጪ" አላት።

የላይ ቤት ደጅ ሲደርሱ ፀሐይ ጉሙን በልታው ነበር። የጭቃ ጡቡ ግንብ ላይ የተሳለው ቀይ ሸረሪት ዓይን ይወጋል። ከበሩ በላይ ቦዩ የሚከፈትበት ግድብ ይታያል፤ ከግድቡ ኋላ ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። ቹምቤል ከንፈሩን መጠጠ። ላማዎቹ ሽታው ደርሷቸው አንገታቸውን ዘረጉ።

የበሩ አለቃ ጡንቻው የፈረጠመ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር የተቀባ ሰው ነው። ኛሜል እንደ ሥርዓቱ ተንበርክካ ኮፌክ ያስያዛትን ሸክላ ከጀርባዋ አወረደች፤ የጥጡን መጠቅለያ ፈታችና ወጣቱን ፓልኖፍ ከፍ አድርጋ ያዘች።  ከዘበኞቹ አንዱ በክፉ ዓይን እንዳይታይ ይመስል ፊቱን አዞረ።

"ዘንድሮም ያው ነው" አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሺ። ሜዳው ይጠረጋል በሉት።"

"ቆይ" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሽማግሌው ምርኩዙን ለቹምቤል አስያዘውና ወደፊት መጣ። የራሱን ጥምጥም ፈታ። "ፓልኖፍ መልእክት አድራሽ አያስፈልገውም። ፓልኖፍ እኔ ነኝ። ከእመቤትህ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ።"

 አንዱ ዘበኛ ሳቀ፤ ሁሉም ተከተሉት። አለቃው ግን አልሳቀም። ሸክላውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

"ይህ ነው ፓልኖፍ" አለ በጣቱ ሸክላውን እየነካ። "አንተ ማነህ?"

"ጌቶቼ፣ ይቅር በሉት!" አለ ቹምቤል በሁለቱ መካከል ገብቶ። "ጃጅቷል! መንገድ ላይም ሲቀባጥር ነበር። እኔ ጌታችንን በቅርብ ነው የማውቃቸው፤ ይሄ ዓሣ የሚሸት ምስኪን ነው። አባባ፣ በል ተንበርከክ፤ ቀልዴን ነው በላቸው!"

"ቀልዴን አይደለም" አለ ሽማግሌው።

የጌታ ስም የሰረቀ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው። አለቃው ገመድ አስመጣ። ገመዱን በሽማግሌው አንገት ላይ ሲያገባ፣ ያ በሸለቆው ሁሉ የተፈራ ሰው የጎረምሳ እጅ ሲገፋው ተንገዳግዶ በጉልበቱ ወደቀ። አቧራው ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል ዓይኑ ከኛሜል ዓይን ጋር ተገናኘ።  እንድታድነው አልለመናትም።

ኛሜል ገባት። በቅርጫቱ የቀበረችውን ሸክላ ካወጣች፣ ያን ሁሉ ዓመት ስታታልል የኖረችው እሷና አባቷ መሆናቸውን በገዛ አፏ መናገሯ ነው። የሐሰት ፊት ይዞ የመጣ መልእክተኛም ገመድ አያጣም።  ተነሥታ ወደ ላማዋ ሄደች፤ ቅርጫቱን አወረደች፤ ባቄላውን አቧራ ላይ ገለበጠችው። ሸክላውን አውጥታ ከወጣቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይሄም በእጄ የተሠራ ነው" አለች።  "ያኛውን የሠራው ማውጫው ነው። ይኼኛውን የሠራሁት ፊቱን ዳስሼ ነው። እዩና ፍረዱ።"

ዘበኞቹ ከበቡት። ሁለት ፓልኖፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይነት የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ዓይነት የራስ ማሰሪያ፤ አንዱ እንደ ጧት፣ አንዱ እንደ ማታ። አለቃው ገመዱን እንደያዘ ግራ ተጋባ።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ በደጄ?"

የላይኛው ሸለቆ እመቤት ሴሊፍ እጇን በደንገጡሯ ትከሻ ላይ ጥላ ወጣች። ሁለቱም ዓይኖቿ ነጭ ሆነዋል። ጸጉሯ ከልብሷ ይልቅ ነጥቷል። አለቃው ነገሩን ሲነግራት ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማችና ምንጣፍ አስነጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አምጡልኝ" አለች።

ወጣቱን ሸክላ በጣቶቿ ዳሰሰችው። "ይሄንን አውቀዋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በየድርቁ በእሱ ነው የምጠጣው። የተረገመ!" ሌላውን ሰጧት። ጣቶቿ ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ከንፈሩ ወረዱ፤ ወደ ግንባሩ ወጡ፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ስርጉድ ውስጥ ገቡና እዚያው ቀሩ። 

"ሰውየውን አቅርቡልኝ።"

ፓልኖፍን ከነገመዱ አቀረቡት። ፊቱን ስትዳስሰው እንደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ጣቷ ከቅንድቡ በላይ ባለው ስርጉድ ላይ ሲያርፍ ሴሊፍ ድንገት ሳቀች። ጥርስ የሌለው፣ ሆዷን የሚያናውጥ ሳቅ ነበር።

"ባሌ ነው ይህቺን የሠራት! በዱላው! እስኪሞት ድረስ ሲኮራባት ኖሯል፤ 'ጣትሽን ብትከቺ ትገባለች' ይለኝ ነበር፤ እውነትም ትገባለች! ገመዱን አንሡለት፣ እናንተ ጅሎች።" ገመዱ ሲወልቅ እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። "አንተ ውሻ! እኔ እዚህ ጥርሴ ሲረግፍ፣ ዓይኔ ሲጠፋ፣ አንተ በየድርቁ ያንን ጎረምሳ ትልክብኛለህ? 'ሁላችን ስናልቅ እሱ ብቻ ምን ዓይነት ጋኔን ነው?' እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ!"

"እኔም እሱን መስዬ ለመታየት ስቆም ጉልበቴ አልቋል።"

"ውኃውን ለምን የያዝኩት ይመስልሃል?"

"ደካማ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።"

"ደካማ? ፈርቼህ ነው እንጂ! የማያረጅ ሰው ሆዱ ከሞላ የኔን ሸለቆስ ለምን ይተወዋል? በውኃ ጥም ልያዘው ብዬ ነው።" ነጭ ዓይኖቿ እርጥብ ሆኑ። "ዘንድሮ ሜዳ የሚወርደው የልጅ ልጄ ነበር። የቀረኝ እሱ ነው።"

ፓልኖፍ እጇን ጨበጠ።

ጠላ መጣ፤ በሽማግሌው ሸክላ ተቀድቶ ሁለቱ በየተራ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ጭቅጭቅ ነበር፤ ኛሜልም በሕይወቷ እንደዚያ ደስ የሚል ጭቅጭቅ አልሰማችም።

"የቀኑን ውኃ ውሰድ፤ የሌሊቱ ለእኔ።"

"የቀኑን ፀሐይ ነው የሚጠጣው። ዓይንሽ ቢጠፋ ተንኮልሽ አልጠፋም።"

"እሺ በየተራ ይሁን፤ አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ። ደረቅ ዓሣም ትጨምርልኛለህ።"

"ዓሣ በምን ልትበዪው ነው? ድድሽ ባዶ አይደል!"

"ቀቅዬ!"

አለቃው ጥቁሩ ቀለም በላብ እየወረደበት ኛሜልን ቀስ ብሎ ጠየቃት፦ "ስለዚህ... ሜዳው አይጠረግም?" አይጠረግም ስትለው ወደ ግድግዳው ሄዶ ተደግፎ ቆመና ደረቱ እስኪነፋ ድረስ ተነፈሰ። እሱም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር ለካ።

ሲመለሱ ውኃው አብሯቸው ነው የወረደው። ግድቡ ተከፍቶ፣ ቡናማው ውኃ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ፣ ከላማዎቹ እርምጃ ጋር እኩል ይሄዳል። ቹምቤል ግን ወርቹን እንደተመታ ላማ አንገቱን ደፍቶ ሲጎተት ቆይቶ በመጨረሻ መሬት ላይ ተደፋ።

"ጌታዬ... ያ የጭራው ነገር... ዓሣ ይሸታል ያልኩትም..."

"ይሸታል፤ እውነትህን ነው" አለ ፓልኖፍ። "ልታድነኝ ብለህ ነው የዋሸኸው። ተነሥና ደግፈኝ፤ እግሬ ሞቷል።"

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ከታች አቧራ ተነሣ። ተዋጊዎች ናቸው። ከፊት የሚመጣው ሰው የፓልኖፍን የራስ ቁር ደፍቷል፤ ያ የወርቅ ቅብ መዳብ ከአፍንጫው ተንጠልጥሎ ፀሐይ ያንጸባርቃል፤ ጉንጩ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ከግራ ቅንድቡ በላይ በጥቁር ከሰል ስርጉድ ተስሎበታል። ኛሜል ማን እንደሆነ አወቀች። ኮፌክ ነው። 'አጎቱ ከቤት ሳይርቅ ዘውዱን ደፋ!' አለች በልቧ። 'ለካ ለዚህ ነው ሸክላውን ስበሪ ያለኝ!'

ኮፌክ ሽማግሌውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ሮጦ መጥቶ የፓልኖፍን ሁለት ክንድ ያዘ።

"የት ነበሩ? የት ነበሩ? አልጋዎን ባዶ ሳየው..."

"ያንን ለምን ደፋኸው?" አለ ፓልኖፍ የራስ ቁሩን እያየ።

ኮፌክ የረሳው ይመስል በእጁ ነካው። "ወጣቱን ፊት ልከናል። ወጣት ፊት ከተላከ ሜዳ ላይ ወጣት ፊት መታየት አለበት። እርስዎ መሄድ አይችሉም። ታዲያ ማን ይሂድ?"

"አንተ ልትሞትልኝ?"

"ሌላ ማን አለ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?"

ፓልኖፍ የወርቅ ቅቡን መዳብ ከአፍንጫው በገዛ እጁ አወረደለት። ከሥሩ የወጣው ፊት ላቡ የቀዩን አፈር ያዝረከረከው፣ እንቅልፍ ያጣ የልጅ ፊት ነበር። ኛሜል ባሰበችው ነገር አፍራ ፊቷን አዞረች።

"ሜዳ የለም" አለው ፓልኖፍ። "ከሴሊፍ ጋር ተነጋግረናል። ውኃው በተራ ነው።"

"ነገ ውጊያ የለም?"

"የለም።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"የለም አልኩህ። ውኃውን አታየውም?"

ኮፌክ ቦዩን አየ። ዞሮ አጎቱን አየ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ ቹምቤልን ቀና ብሎ አየና "የሚበላ ነገር አለህ?" አለው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቹምቤል የተቆላ በቆሎ ከስልቻው አወጣለት። በእፍኙ እየዘገነ በላ፤ በመሐል ጥርሱ መፍጨቱን አቆመ። በቆሎው በእጁ እንዳለ፣ ከቦዩ ዳር ባለችው እሾኻማ ዛፍ ግንድ ላይ ራሱን ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ፓልኖፍ ቡትቶውን አውልቆ ፀሐይ ላረፈበት ፊቱ ጥላ እንዲሆነው ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለለት። አጠገቡም ተቀመጠ።

በዚህ መሐል ውኃው ወደ ታች ደርሶ ኖሮ የመንደሩ ሰው እየጮኸ፣ እልል እያለ፣ ከበሮ እየመታ፣ ቅልና ማሰሮ ይዞ ሽቅብ ይጎርፍ ጀመር። የቀደሙት ሴቶች ከዛፉ ሥር ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ አገኙት።

"ቀስ በሉ" አላቸው። "ልጁ ተኝቷል።"

ከሴቶቹ ማን እንደሆነ ያወቀው አልነበረም።

"እሺ አባባ" አሉ ሴቶቹ። ከበሮውን ዝም አሰኝተው፣ የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይዘው፣ በእግር ጣቶቻቸው እየረገጡ አለፉ፤ ወጣቱን ፊት የያዙ ማሰሮዎቻቸውንም ውኃው ውስጥ ያለ ድምፅ ነከሩ።